የግራው ቱቦ ስንጥቅ

ውድ እህቴ፣

«ጋሼ ነፍሴን አተረፋት» እያልሽ ለሰው ሁሉ ስታወሪ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብዬ ከአባባ ጋራዥ የወጣሁትም ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው።

መኪናዋን ያመጣሻት ቀን ትዝ ይለኛል። ቀድሞ አንድ ሐኪም ወደ ሥራ ይመላለስባት የነበረች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ የስፖርት መኪና ነበረች። አንቺ ግን በጨው ሜዳው ላይ በቀጥታ መስመር የፍጥነት ክብረ ወሰን ልትሰብሪባት ቆርጠሽ ነበር። ለእኔ ቡሎን ሲያቀብል እንኳ ፊቱን የማይፈታው አባባ፣ መነጽሩን ሰክቶ ካንቺ ጋር ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ። ሃያ ዓመት አብሬው የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ቀናሁብሽ።

የጎን መቀመጫውን፣ ምንጣፉን፣ ማቀዝቀዣውን ነቅለሽ ጣልሽ። ነፋስ እንዳያነሳት ሆዷን በላሜራ ሸፈንሽ፣ ቁመቷን ዝቅ አደረግሽ፣ ለሞተሩ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ ጨመርሽላት፣ ከኋላዋ ማቆሚያ ፓራሹት ገጠምሽ። ለእኔ የደረሰኝ ብየዳው ነበር፤ መኪናዋ ብትገለበጥ አንቺን የሚጠብቅሽ የብረት ቱቦ። ቅናት እያንገበገበኝም ቢሆን ከልቤ ነው የበየድኩት።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሙከራ ተመለስሽ። ከራስሽ በስተግራ ባለው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በብየዳ ለመጠገን የአንድ ሰዓት ሥራ ናት። ልጠራሽ አፌን ስከፍት፣ አባባ ለቀለም ቀቢው «ወንዱ እጅ አለው፤ ጭንቅላቱ ግን ያለው ሴቷ ጋ ነው» ሲለው ሰማሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በውድድሩ ጠዋት፣ የብየዳ መሣሪያ የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ፣ መኪኖቹን የሚፈትሸውን ተቆጣጣሪ ጠጋ ብዬ «እስቲ ግራውን ቱቦ እየው» አልኩት።

አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ መኪና ዛሬ አትሮጥም።»

ትጮሂብኛለሽ ብዬ ስጠብቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር አልቆልኝ ነበር!» አባባም ትከሻዬን ይዞ «አኮራኸኝ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘኋት ቃል መጥታ እንደ እሬት መረረችኝ።

እህቴ፣ ላተርፍሽ ብዬ አልነበረም። ላተርፍሽ ብፈልግማ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር። ስንጥቁን ይዘሽ እንድትነሺ አልተውሽም ነበር፤ ይህን እመኚኝ። ክብሩን እንዳታገኚ ግን ፈልጌያለሁ።

ዘንድሮም ልትሞክሪ መሆኑን ሰማሁ። አልዋሽሽም፣ ዛሬም እቀናለሁ። ቱቦውን ሌላ በያጅ ይፈትሽልሽ፤ ከእኔ የሚሻል አንድ ሰው አለ፣ ስልኩን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

የአባባ ዓይን እንደደከመ ነግረሽኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንቺው ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ። ቢቆጣ ደግሞ አታማልጂኝ።

የቀናብሽ ወንድምሽ