በኦቦ ጉደታ ሽምብራ ውስጥ የቆፈርኩት ጉድጓድ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4። ጠዋት
የጤና ጣቢያው ስልክ ዛሬም ዝም። ሞባይሉ አንዴ ይሠራል አንዴ ይጠፋል፤ ወላድ ብትመጣ አምቡላንስ የሚጠራው በዚህ የኬብል መስመር ነው። የሰበታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። የቴሌ መኪና አያልፍም፤ ልጠግነው በእግሬ ልሄድ ነው፣ የመለኪያ መሣሪያዬን አንግቼ። ራሴ የሠራሁት ሰርኪዩት ነው፤ በኬብሉ ፐልስ፣ አጭር የኤሌክትሪክ ምት፣ ይልካል፣ ፐልሱ ገመዱ የተበጠሰበት ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ ከወሰደው ጊዜ ርቀቱን አውቃለሁ።

ከሰዓት
መሣሪያው 640 ሜትር አለኝ። ለካሁ፣ ቀይ ችካል ተከልኩ። የሰው ሽምብራ ነው፤ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ቆፈርኩ። ኬብሉ ደህና! ምንም አልሆነም። ወገቤ ተቆረጠ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5
አይ እኔ! የፐልሱን ፍጥነት በአዲሱ ኬብል ልክ ሞልቼዋለሁ። ይሄ የድሮው፣ በወረቀት የተጠቀለለው ነው፤ በሱ ፐልስ ይፈጥናል፣ በዚያው ጊዜ ርቆ ይሄዳል። ብልሽቱ ሰማንያ ሜትር አልፎ ነው። ደንቆሮ!
የባሰ አለ። ማሳው የአከራዬ የኦቦ ጉደታ ኖሯል። ሰዉ በማስተር ፕላኑ፣ መሬታችን ሊወሰድ ነው እያለ በተቆጣበት ሰሞን፣ ቀይ ችካል! ሰፈሩ የመንግሥት መሬት ቀያሽ ነው ብሎኛል። ጠዋት ኦቦ ጉደታን አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ አልኳቸው። አለፉኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7
ችካሉን ነቀልኩ፣ ጉድጓዱን ደፈንኩ። መስመሩም ተጠገነ፤ መንገድ ዳር ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ መረቀችኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው የለም።
ሁለት ዓመት ሙሉ ለራት የሚጠሩኝ ኦቦ ጉደታ ነበሩ። አሁን ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ከፋኝ፣ ደብተሬ።
በራቸው ላይ ጠብቄ አስረዳሁ፦ ፐልስ፣ ርቀት፣ ፍጥነት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማሽኑ ርቀቱን ከነገረህ፣ ማሳው የማን እንደሆነ የምትጠይቅበት አፍ አልነበረህም ወይ አሉኝ። ገቡ። አፍሬ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9
የቴሌ ቢሮ ደወለ። ለደህንነትህ ነው፣ ነገ መኪና ይመጣል፣ አዲስ አበባ ተመድበሃል አሉኝ። ዕቃዬን ለማሸግ አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ምን አለኝና።
እዚህ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ማንን ልላክ? በዚህ ከተማ የማውቃቸው ሽማግሌ ኦቦ ጉደታ ራሳቸው ብቻ ናቸው።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 10። ጠዋት 12 ሰዓት
የቢሮውን ሹፌር አትምጣ አልኩት። ሻንጣውን ፈታሁ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ መርጫለሁ፤ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ብቻዬን፣ ይቅርታ ልጠይቅ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነው። ያንሱኝ አያንሱኝ አላውቅም።
በራቸው ተከፈተ። ሳል ሰማሁ። እሳቸው ናቸው፣ ልውጣ።