ሸክላው ላይ ያለችው እጅ

ጁን 3፣ 1964

ጥጥ ስናርም ዋልን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው። ማታ ሚስቴ ኦሊ ሜይ ዓሣ ጠበሰች፤ በልቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። መንገድ ማዶ ያ ሩፈስ ታርፕሊ በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ብቻውን ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው እግዜር ይወቅ። ከተኳረፍን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፣ ሳቁን ግን በየቀኑ እሰማለሁ።

አቧራ የጠጣ መኪና መጣ። ታርጋው የሰሜን ግዛት ነው። ሁለት ነጭ ወጣቶች ወረዱ፤ አንደኛው መነፅር አድርጓል። "ሚስተር፣ ሩፈስ ታርፕሊ የሚባል ዘፋኝ ያውቃሉ?" አለኝ። ነጭ ሰው እኔን ጥቁሩን ሚስተር ሲለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን ያዘች።

"እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም" አልኩ።

"ኧረ እዚህ ነኝ" አለ ያ ከማዶ። "እሱን ተዉት፣ ጃጅቷል።"

ውሻ።

ጁን 4

ሸክላ ነው ያመጣቸው። ከመኳረፋችን በፊት የተቀረጸው ሸክላ... ሩፈስ የዘፈነበት፣ እኔ ጊታር የመታሁበት። የተረፈ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ማጫወቻ ይዘው መጥተው ሩፈስ በረንዳ ላይ ከፈቱት። እዚህ ድረስ ይሰማል። እጄን ሰማኋት። የተሰበረ የጠርሙስ አንገት ጣቴ ላይ አጥልቄ፣ ክሩ ላይ እያንሸራተትኩ ሳስለቅሰው...

ሸክላው ላይ የተጻፈው የሩፈስ ስም ብቻ ነው። ባለ መነፅሩ የሩፈስን እጅ ይዞ እያገላበጠ ያያል። "ይቺ ናት እንግዲህ" ይላል። ያቺ እጅ እኮ ምስማር እንኳ በቅጡ መትታ አታውቅም። ሩፈስስ? ፈገግ ብሎ ያስገላብጣል።

በጁላይ ሰሜን ወስደው ትልቅ ሕዝብ ፊት ሊያጫውቱት ነው አሉ። በእኔ እጅ። ነገ እኔ ስቀበር ያ ሁሉ የእሱ ነበር ተብሎ ሊቀር ነው። ከዚህ በላይ ምን ንብረት አለኝ? ምንም።

ጁን 5

ሩፈስ ጊታር ተበደረ አሉ። መቼም ጉድ ይወጣል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጁን 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሩፈስን አጥሬ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን አላወለቀም።

"ኤዜል።"

አልፌው ወደ በሩ ሄድኩ።

"ቅኝቱን ንገረኝ። ያንን የሸክላውን።"

"ሸክላውን ለቀዳው ሰውዬ ስሜን ነግረኸው ነበር?"

"ጀርባህን ሰጥተህ ግድግዳ ስታይ ውለህ ማን ይይህ? ሰውየው ዘፋኙን ጠየቀ። ዘፋኙ እኔ ነኝ።"

እርግጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምመታው። ያኔ ጀርባውን ያልሰጠ ማን አለ? ክርህን እንዴት እንደቃኘህ ያየ ሰው በሳምንቱ ሌላ ጭፈራ ቤት ይመታዋል። ግን እሱ አፍ አልነበረውም? ከኋላዬ ያለው ኤዜል ነው ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

ቅኝቱን ነገርኩት። የውሸቱን። ሦስተኛውን ክር አላላው አልኩት፤ መላላት ያለበት ሌላ ነው።

ኦሊ ሜይ ሰምታ ኖሯል። "ፀጉርህ ሸበተ እንጂ ተንኮልህ አልሸበተም" አለችኝ።

ጁን 9

ሲለማመድ ዋለ። ጅራቷን የተረገጠች ድመት። ውሾቹ ሳይቀሩ ሰፈሩን ለቀቁ። ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ... እየተበላሸ ያለው የእኔው ዜማ አይደል? ሁለት ጊዜ ልጮህበት ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ፖሊሱ መኪናውን እያዘገመ አለፈ፣ ተመልሶም አለፈ። የሰሜኑ ታርጋ ወሬ ደርሶታል፤ ከሰሜን የመጣ ነጭ ሁሉ ጥቁሩን ሊያነሳሳ የመጣ ነው ባይ ነው። ልጆቹ መኪናቸውን ከሩፈስ ጎተራ ጀርባ ደበቁ። እኛው ላይ ጣጣ ሳያመጡ በሄዱልን።

ጁን 12

ዛሬ ሊቀዱት ቴፕ ይዘው መጡ። ወንበሬን ጎትቼ ተደላደልኩ፣ ውርደቱን ለማየት።

ጀመረ። ትንሽ አጨማለቀና አቆመ። "ስሙ" አላቸው፣ እኔም እንድሰማ ጮክ ብሎ። "የእኔ እጅ ይኸው ነው። የሸክላው ባለ እጅ ያ ማዶ ተቀምጦ የሚያሾፍብኝ አህያ ነው። ቅኝቱንም አሳስቶ ነው የሰጠኝ። ጆሮ የለኝም መስሎታል።"

ለካ ሰሞኑን ሲያሰቃየኝ የከረመው አውቆ ነው።

መንገዱን ተሻግረው መጡ። ጊታሩን ጉልበቴ ላይ አደረጉት። ቃኘሁት፣ እውነተኛውን። መታሁ። ጣቶቼ ደርቀዋል፣ አልረሱም ግን። ባለ መነፅሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ዜማው ቆመብኝ። በዚህ ዘፈን የዘፋኙ ድምፅ ይጠይቃል፣ ጊታሩ ይመልሳል። የሚጠይቅ በሌለበት ምን ልመልስ? እኔው ላንጎራጉር ሞከርኩ፤ ኦሊ ሜይ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሩፈስ ማዶ እጁን አጣምሮ ያየኛል። ካልጠራሁት አይመጣም። ገብቶኛል፣ እንደገባኝም ገብቶታል።

ቴፑ ይዞራል። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"ሩፈስ" አልኩ።

"አልሰማሁም።"

"ሩፈስ፣ ና ዝፈን፣ ድፍት ያድርግህና!"

መጣ። ድምፁ ሻክሯል፣ አንዳንድ ቦታ ይሰበራል። ከድሮው ይሻላል። ይህንን ለማንም አልናገርም።

ጁን 16

በጁላይ ሁለታችንንም ሊወስዱን ነው። በየጠዋቱ እየመጣ የእኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የበቆሎ ዳቦዬን ይበላል፣ ፈጠንክ ይለኛል። እኔ ፈጠንኩ? እሱ ነው እንጂ ትንፋሽ አጥሮት የሚጎተተው። እጠላዋለሁ።

ጁን 23

ዛሬ አልመጣም። ቃኝቼ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወጣች፣ ዳቦው ቀዘቀዘ... የለም። ልሰድበው ተሻገርኩ።

አልጋው ላይ ነው። ትኩሳት። ደረቱ ያፏጫል።

"ብቻህን ሂድ" አለኝ። "የፈለጉት እጅህን ነው።"

"ያለ ዘፋኝ ምን ልሠራ? ዝንብ ላባርርበት?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን። ቤቱ ይህን ያህል ባዶ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ስማ" አልኩት። "እስከ ጁላይ እንዳትሞት። ከዚያ ወዲያ እንደፈለግህ።"

ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ቤት ተመልሼ የዶሮ ሾርባ አመጣሁለት። አንድ ማንኪያ ቀመሰና "ጨው የለውም" አለ። ሰደብኩት፣ ከነአባቱ። ከዚያ ጨው ላመጣ መንገዱን ተሻገርኩ።