ከሰሌዳው ግርጌ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 1፡30
ዛሬም ከታች ነኝ። የጂሙ ባለቤት አዴ ፈትያ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ሰቅለዋል። አሰልጣኞቹ ሁለት ነን፤ አብዲና እኔ። የማን ሠልጣኞች ብዙ ኪሎ ቀነሱ? ያሸነፈ ዋና አሰልጣኝ ይሆናል፣ ቀይ ጃኬት ይለብሳል። የተሸነፈ በር ላይ ጫማ ይጠብቃል። አብዲ ስምንት። እኔ ሦስት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
የአብዲ ምስጢር ገባኝ። ሠልጣኞቹ ከሰዓት ጫት ላይ ይቀመጣሉ፣ ራት አያምራቸውም፣ ቀለው ይመጣሉ። እሱ ምን ሠራ? ፊሽካ ነፋ!
እኔ ደግሞ መምህር ጌታሁን አለብኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር። ለሠርጉ ሱፍ አሰፋ፤ ሱፉ እሱን ለበሰው። ሊወፍር ነው የመጣው። እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ብረት። አራት ኪሎ ጨመረ። ደስ አለን። አዴ ፈትያ ግን ከድምሬ ላይ አራት ቀነሱ፤ ሰባቱ ሦስት የሆነው በዚህ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ማስታወሻዬ፣ ለማንም እንዳትናገር። መምህሩን ነገ የመጨረሻው ሚዛን ላይ አትምጣ፣ ሰውነትህ ዕረፍት ይፈልጋል አልኩት። ካልተመዘነ አይቆጠርብኝም። አመስግኖኝ ሄደ። ራሴን ጠላሁት። ጃኬቱ ግን ያምራል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ሌሎቹ ሠልጣኞቼ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሱ። አብዲ እዚያው ስምንት ላይ። አሸንፌያለሁ!
መምህሩ መጣ። ሱፉን ለብሶ! ትከሻው ልክ ሆኗል። እጮኛው ሲመዘን ልታይ ከሚኤሶ ድረስ መጥታለች። አዴ ፈትያ መዝገቡን ዘግተዋል። ይመዘን ወይስ ይቅር? ብለው እኔን ጠየቁ። መምህሩ ጫማውን አውልቆ ቆሟል፣ ፊቱ እንደ ተማሪ። ይመዘን አልኩ። ስድስት ኪሎ ጨምሯል። እጮኛው እልል አለች። እኔ ሦስት ላይ ወረድኩ። አብዲ ጃኬቱን ለበሰ፤ እጅጌው አጠረው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሰዓት 10፡00
በር ላይ ነኝ። የሰው ጫማ ይሸታል።
ሦስት ቀጫጭን ሰዎች መጡ፤ ሁለት ነርሶችና አንድ የባንክ ሠራተኛ። አብዲን አልፈው ሰሌዳውን ከታች ማንበብ ጀመሩ። አንደኛዋ ነርስ ጮክ ብላ፣ "መምህሩን ያወፈረው የትኛው ነው? ወላሂ እሱን ነው የምንፈልገው!" አለች። ጫማ እንደያዝኩ እጄን አወጣሁ። አዴ ፈትያ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ስምህን ወደ ላይ ላምጣው? አሉ።
ወስኛለሁ። እዚያው ግርጌ ይቆይልኝ፤ ሰው የሚፈልገኝ እዚያ ነው። ጃኬቱን ግን፣ አብዲን ስላጠረው፣ ነገ በትሕትና እጠይቀዋለሁ።