ያኛው በሽታ አይደለም

ኅዳር 9 ቀን 1978
የሰው አገር ብርዱ ጀመረ። ከትራም ወርጄ ቤት እስክደርስ ጆሮዬ የኔ አልመስል አለኝ። ዓለማየሁን ከየኔነሽ ወሰድኩ። ታችኛው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ፋብሪካ ስውል ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ትንሽ ያስነጥሰዋል። ሌላ ወሬ የለም።

ኅዳር 11
ለመጻፍ አሁን ገና ነው የተቀመጥኩት...
ትናንት ልጁ ስላተኮሰው ሥራ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ እቅፌ ውስጥ እንዳለ ድንገት ዓይኑ ተገለበጠ። ደረቀ። ከዚያ እጅ እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ገና ዓመት ከመንፈቁ... ሞተብኝ አልኩ።
አብረውን የሚኖሩት የባሌ አክስት እትዬ ኤልፍነሽ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙ። ባሌ ገረመው ደግሞ ማንኪያ በጥርሱ መሀል ሊያስገባ ይታገላል። አገር ቤት ሳለን ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ገረመው «ጠበሉ የታለ?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።
አምቡላንስ ኮል ያደረግሁት እኔ ነኝ። እስኪመጣ ቆሞለት ነበር።

ኅዳር 12
ሐኪሟ ልጄን «አሊማዮ» ነው የምትለው። ገረመው ላስተርጉምልሽ ብሎ አብሮኝ ገባ። እሱ የሚተረጉመውና እኔ የምሰማው ግን አይገናኝም።
ያለችው ይህን ነው። ጆሮው አመርቅዟል፣ ትኩሳቱ ከዚያ ነው፤ ያንዘፈዘፈውም ትኩሳቱ ነው። በትንንሽ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ሊደግመው ይችላል። አብዛኞቹ የሚጥል በሽታ አይዛቸውም፣ ጥቂቶቹን ግን ሊይዛቸው ይችላል። ሲመጣበት በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ቶሎ ካልቆመ አምቡላንስ ጥሩ። በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት አያስፈልገውም።
ገረመው አኩርፎ ወጣ። መድኃኒት ያልሰጠ ሐኪም ለሱ ሐኪም አይደለም።
በቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ ወይ ብላም ጠይቃን ነበር። የለም አልን። ቤት ስንገባ እትዬ ኤልፍነሽ አመለጣቸው፤ ገረመውም በልጅነቱ ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኖ ነበር አሉ። «ጥርስ ሊያወጣ ሲል ነው» ብለው ወዲያው አስተካከሉት። ሳይንሳዊው ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ኅዳር 16
ከሕንፃው ያገሬ ሰዎች ጠያቂው በዛ። አንዷ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ወንዝ ዳር አስተኝተሽው ይሆን አለችኝ። በዚህ በረዶ፣ የቱ ወንዝ ዳር?
ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «የትኩሳት ነው፣ ያኛው በሽታ አይደለም፤ ተመስገን።» ደረጃ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ላውንድሪ ክፍል... ሳልጠየቅ ሁሉ እናገራለሁ።

ኅዳር 18
የኔነሽ ልጁን አልይዝም አለች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዓይኔን ሳታይ። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ሌላ ምክንያት የለም።
ይጋባብኛል ብላ ፈርታ ነው። ዝም ስትል አስተዋይ ትመስለኝ ነበር... ለካ ዝም ያለ ሁሉ አያስብም።

ታኅሣሥ 2
ልጁን እትዬ ኤልፍነሽ ይዘውታል። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አንገቱ ላይ ክታብ። ገረመው አይቶ እንዳላየ። ጠበሉንም ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን አቁሞታል። ጠየቅሁት። «ለአክስቴ ብዬ ነው» አለ።

ታኅሣሥ 20
ደገመው። ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ላውንድሪ ክፍል። ማተኮሱን እንኳ ልብ አላልኩም።
መሬት ላይ በጎኑ አስተኛሁት። ሴቶቹ ከበቡን፣ አንዷ ክብሪት ከቦርሳዋ አወጣች። ማንም እንዳይነካው አልኩ። የኔነሽ ከማሽኑ ጎን መጥታ ሹራቧን አጣጥፋ ከራሱ ሥር አደረገችለት። አጠገቤ ተንበረከከች። ቆመለት። ተኛ።
ሴቶቹ ሲበተኑ ለሷም ያንኑ መዝሙሬን ዘመርኩላት። ያኛው አይደለም፣ ተመስገን።
«ያኛው እኔን ነው የያዘኝ» አለች።
ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከጣላት ዓመታት አልፈዋል። ማንም አያውቅባትም። ልጁን የመለሰችው ፈርታው አይደለም።
«አንድ ቀን ቢታወቅ ከሷ ተጋባበት ትላላችሁ። አንቺም ትያለሽ።»
ልጁን ከነሹራቧ አቅፌ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 21
ልጁ ደህና ነው። ሐኪሟ የትናንቱም የትኩሳት ነው አለች።
በክብሪቱ ስስቅ፣ በክታቡ ስስቅ ከረምኩ። እኔስ? «ጥቂቶቹን» የሚለውን የሐኪሟን ቃል ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈስኩም። ልጄ ከጥቂቶቹ አንዱ ቢሆንስ? ደረጃ ላይ ምን ብዬ ነበር የማወራው?
ወረድኩና የየኔነሽን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ ማለት አልችልበትም። ሹራቧን አጥቤ ነበር፣ ሰጠኋት። ግቢ አለችኝ።

ጥር 9
ልጁ ከሰኞ ጀምሮ እሷ ጋ ነው። ምንጣፍ ላይ ታጫውተዋለች፣ ይስቃል፤ ገላውን ግን እኔው አጥበዋለሁ፣ ድንገት ቢጥለኝ ልጁ ውሃ ውስጥ እንዳይሆን ብላ እንዲህ ይሁን ያለችው ራሷ ናት። ሕመሟን ለገረመው በፈቃዷ ነገርኩት። ልጁን መያዟን ሳይንስም ይደግፈዋል አለ።
እትዬ ኤልፍነሽ ምንም አያውቁም። ልጁ መወፈሩን አይተው ደስ ብሏቸዋል።
«እንዲህ ያለች ጤነኛ ሴት ማግኘትሽ ዕድልሽ ነው» አሉኝ።
«አዎ እትዬ፣ ጤነኛ ናት» አልኩ።
አልዋሸሁም።