ስለ ደጄ ድንጋይ

እኔ ባላምባራስ ተክለጻድቅ ሀብተሥላሴ፥ የቢትወደድ ወልደአማኑኤል ነገረ ፈጅ የነበርሁ፥ ዛሬ እሑድ፥ በዳግማይ ትንሣኤ፥ ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃል አጽፋለሁ። እግሬ አብጧል፥ ትንፋሼም አጥሯል፤ ልቡናዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ ከሃያ ዓመት በፊት የሞገትሁትን ነገር ይጠይቀኝ፤ ከነምስክሮቹ ስም እነግረዋለሁ። ጸሐፊዬ የነፍስ አባቴ መምሬ ኃይለመለኮት ናቸው፤ የምለውን እንጂ የሚያምረውን እንዳይጽፉ አደራ ብያቸዋለሁ።

ቤቴንና ግቢውን ለልጄ ለተናኘወርቅ ሰጥቻለሁ። ሦስት ዓመት ያስታመመችኝ እርሷ ናት፤ ስቆጣም አንድ ቀን መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። ሰጥታኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በቅሎዬ ለመምሬ ኃይለመለኮት ትሁን። እንደምትናከስ ያውቃሉ፤ እርሳቸውም በንስሐ ጊዜ ስንቴ እንደ ነከሱኝ እኔ አውቃለሁ። ይህንን አልጽፍም ቢሉኝ ይጻፉ ብያለሁ።

የወንድሜ ልጆች ጋሻዬንና ጎራዴዬን ሲጠብቁ ኖረዋል። ሁለቱንም ቢትወደድ ሲዘምቱ ሰጥቻቸው ይዘው ሄደዋል፥ አልተመለሱም። ስለዚህ ልጆቹ በከንቱ አይጨቃጨቁ።

መቃብሬ በሟች ባለቤቴ በወለተሰንበት እግር ሥር ይሁን። ከጎኗ አይሁን፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይገኛል።

አሁን ወደ ጌታዬ እመጣለሁ። ቢትወደድ ወልደአማኑኤል ዘውድ አልጫኑም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገሩ ያለ እርሳቸው ምክር አልተንቀሳቀሰም። ቅዱስ ነበሩ አልልም። ውዳሴ ይወዱ ነበር፤ ቁጣቸው ቤት ያናውጥ ነበር፤ ቅዳሴ ሲረዝም ያንቀላፉ ነበር። ነገር ግን ከሩቅ አገር አቤት ሊል የመጣው ድሃ ደጅ ሲጠና ዝናብ እንዳይደበድበው ብለው እዚሁ ልደታ የባለጉዳይ ማደሪያ አሠሩ። ገበሬ ፍርድ ሲጠብቅ የዘር ወቅት እንዳያልፍበትም ደነገጉ፤ ስንቱ እርሻው ጦም ሳያድር አገሩ ገብቷል። ጌታዬ አምና በጦር ሜዳ ወደቁ። ማደሪያውንም ጣልያን የገለባ መጋዘን አድርጎታል።

ይህ ሳይበቃ ጣልያኖቹ የጌታዬን ስምም ሊወስዱ ነው። የፍርድ መዝገብ ሲያገላብጡ አንድ ገጽ አገኙ፤ «ቢትወደድ ወልደአማኑኤል የመበለቲቱን የመይሙናን ቦታ ወስደው ተረቱ» ይላል። ይህን በተክለ ሃይማኖት ገበያ ሊያስነብቡት ይፈልጋሉ፤ የነገረ ፈጁ ማኅተም ካለበት ሕዝቡ ያምናል ብለዋል። ወረቀቱን አምጥቶ ያሳየኝ ልጄ አስፋው ነው፤ ለሹማቸው አስተርጓሚ ሆኖ ያገለግላል። ማኅተሜን እንዳኖርበት የተሰጠኝም ቀን ዛሬ ያበቃል። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው፥ እርሱንም የወረሰው ከእኔ ነው።

መዝገቡ አይዋሽም፤ ጌታዬ ተረትተዋል። መዝገቡ የማያውቀው ግን ይህን ነው፤ ድንበሩን ያዛወርሁት እኔ ነኝ።

ማደሪያው ሲሠራ ቦታው አሥራ ስድስት ክንድ ጎደለ። ከጎኑ ያለው ይዞታ የወይዘሮ መይሙና ነበር፤ ከወሎ የመጡ፥ ባል የሞተባቸው፥ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ሴት። ጌታዬን ደስ አሰኛለሁ ብዬ የድንበሩን ድንጋይ አስነቅዬ ከሴትዮዋ የውሃ ጉድጓድ ወዲያ አስተከልሁት። ለጌታዬም ባለቤት የሌለው መሬት ነው አልኋቸው። ማንም አላዘዘኝም።

መይሙና እኔን ሳይሆን ቢትወደድን ከሰሱ። እንደ ልማዴ ልሟገትላቸው ስነሣ፥ ጌታዬ «የተከሰስሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ተቀመጥ» አሉኝ። በአገራችን ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪያልቅ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ቁራኛ ይሆናሉ። ዳኛው ያን የሚያህል ጌታ ከአንዲት ፈታይ ጋር ለመቋጠር ፈራ። ቢትወደድ የኩታቸውን ጫፍ ራሳቸው አንሥተው ለመይሙና ሰጡ። እንደ ተቋጠሩም በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል አልፈው እስከ ድንበሩ በእግራቸው ሄዱ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር።

ከሥፍራው ደርሰው አዲስ የተቆፈረውን አፈር ሲያዩ ጌታዬ ወደ እኔ ዞሩ። አቀረቀርሁ። ገባቸው። ለዳኛው ግን «በስሜ የተደረገ የእኔ ነው፤ ፍረድብኝ» ብቻ አሉ። ቦታው ተመለሰ፤ የማደሪያው ግድግዳ ፈርሶ ወደ ኋላ ተሠራ፤ በቀድሞው ድንበር ላይም አዲስ ድንጋይ ተተከለ። ሠራተኞቹ አሮጌውን የት እናድርገው ብለው ሲጠይቁ፥ «ተክለጻድቅ ለደጁ ድንጋይ ይፈልጋል» አሏቸው ጌታዬ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሥራዬንም አልነሱኝም።

ያን ድንጋይ ሃያ ዓመት ስወጣ ስገባ ረግጬዋለሁ። ወለተሰንበት ግን አንድ ቀን አልረገጠችውም፤ ተሻግራው ነበር የምትገባው። በእንግዳ ፊት ባላምባራስ ትለኝ ነበር፤ ብቻችንን ስንሆን ግን በማዕረጌ ጠርታኝ አታውቅም። ሄደህ ለሴትዮዋ ንገራት እያለች ሞተች። እወዳት ነበር፥ እፈራትም ነበር። ከጎኗ መተኛት የማይገባኝ ስለዚህ ነው።

ይህን ሳስጽፍ ለምስክርነት ያስጠራኋቸው ወይዘሮ መይሙና አቋረጡኝ። ያሉትም ይጻፍ።

«ባላምባራስ፥ ይህንን እኮ አውቃለሁ። ድንጋዩን ሲያሸክሙ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ለምን እኔን አልከሰሱም?»

«እርስዎን ብከስ መሬቴን አገኝ ነበር? እርሳቸው ይመልሱልኛል ብዬ ነው። መለሱልኝም። ያን ቀን እግሬን ያመኝ ነበር፤ እንደ ተቋጠርን ቀስ እያሉ ሄዱልኝ። አላህ ይዘንላቸው።»

ሃያ ዓመት የደበቅሁት ምስጢር ይኸው ነበር።

እንግዲያስ ዛሬ እኔን ይክሰሱኝ ብያቸዋለሁ። የኩታዬን ጫፍ ሰጥቻለሁ፤ ልጃቸው አብዱሰመድ፥ ኮርቻ ሰፊው፥ ከእናቱ ነጠላ ጋር ቋጥሮታል። የእኛ ችሎት ተዘግቷል፥ የጣልያኑን አልጠራም። ነገር ግን በአገራችን መንገደኛም ቢሆን በሕግ አምላክ ከተባለ ቁጭ ብሎ የመዳኘት ግዴታ አለበት። በዚህ በር ቀድሞ የሚገባ ሰው ይዳኘን።

የገባው ልጄ አስፋው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን መምሬ እንደ ሰሙት ይጻፉ።

እኔ ኃይለመለኮት እንደ ሰማሁት ጻፍሁ። አቶ አስፋው ወረቀቱን ዘርግቶ፥ «አባባ፥ ሹሙ ይጠብቀኛል። ማኅተምዎን ያኑሩበትና ልሂድ» አለ።

ባላምባራስ የተቋጠረውን ልብስ አሳዩት። ያስጻፉትንም አነበብሁለት። ከዚያም «በሕግ አምላክ፥ ዳኘን» አሉት።

አስፋው ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለ። «ይህን ብፈርድ እንጀራዬ ይቀራል፤ ምናልባት ከዚያም የባሰ ይመጣብኛል።»

«አውቃለሁ። እኔ ዝም ብዬ እንጀራዬን አቆይቻለሁ። ያተረፍሁት ደጄ ላይ አለልህ።»

አስፋው ወደ ደጁ ተመልሶ በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከሳሽና ተከሳሽም በተናኘወርቅ ተደግፈው፥ እንደ ተቋጠሩ ከፊቱ ቆሙ።

«ከሳሽ፥ መሬትዎን ማን ወሰደብዎ?»

«አባትህ።»

«ማንስ መለሰልዎ?»

«ቢትወደድ ወልደአማኑኤል።»

«ተከሳሽ፥ ያምናሉ?»

«አምናለሁ» አሉ ባላምባራስ።

«እንግዲያው ተረትተዋል» አለ አስፋው። «ከሳሽ፥ ካሣ ምን ይጠይቃሉ?»

ወይዘሮ መይሙና መለሱ። «ሁለት ነገር። በገበያው የሚነበበው ያንተ ወረቀት ሳይሆን ይህኛው ይሁን። ሁለተኛው፥ ባላምባራስ ከሚስታቸው ጎን ይቀበሩ። ወለተሰንበት በየዓመቱ ቤቴ እየመጣች ስለ እርሳቸው ይቅርታ ትለምነኝ ነበር። ይቅር ካልኋቸው ቆይቻለሁ፤ እርሷም ሳትሞት ሰምታዋለች።»

ባላምባራስ ይህን አያውቁም ነበር። እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ፤ ቋጠሮው ስላልተፈታ የመይሙና ነጠላ አብሮ ተነሣ። ኋላ የመቃብሬ ቃል ይታረም አሉኝ፤ ከላይ ያለውን ሳልፍቅ፥ ከጎኗ ይሁን ብዬ እዚህ አርሜአለሁ። ድንጋዩን ለዳኛው ለአስፋው አወረሱ። ይህን ኑዛዜ አፈርሳለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፥ በመጀመሪያ ድንጋዩን ብቻውን አንሥቶ ያሳየን ብለውም ሳቁ።

ተናዛዥ፦ ባላምባራስ ተክለጻድቅ ሀብተሥላሴ፤ ማኅተማቸው ያረፈው በዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጸሐፊና ምስክር፦ መምሬ ኃይለመለኮት።

ምስክር፦ ወይዘሮ መይሙና በከር፥ በጣታቸው።

ምስክር፦ አቶ አብዱሰመድ፥ የመይሙና ልጅ።

የመንገድ ዳኛ፦ አስፋው ተክለጻድቅ። ቋጠሮውን በእጄ ፈትቻለሁ። በገበያው የሚነበበው ይህ እንዲሆን፥ ይህንኑ ቃል፥ ሳልጨምር ሳልቀንስ፥ ወደ ጣልያንኛ መልሼ ነገ ለሹሙ የማነበውም እኔው ነኝ።