ቴርካ የምትባለውን ወይን ሲፈልጉ የኖሩት የወይዘሮ ባሲሊሳ ማንሳኖ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ባሲሊሳ ማንሳኖ ከአባታቸው ከአቶ ፍሩክቱኦሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦብዱሊያ እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በዱዌሮ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው በመንደራችን በቪላሶርዳ ተወለዱ። እናታችን ከወለዷቸው አምስት ልጆች ያደግነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እርሳቸውና ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ኤውቲሚዮ።

እስከ አሥራ ሁለት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረዋል። መምህራቸው ከተማ ሄደው እንዲቀጥሉ ቢለምኑም አባታችን እሺ አላሉም። በ1951 በመንደሩ የወይን ጠማቂዎች ማኅበር ሚዛን ላይ ተቀጠሩ። በ1955 ከአቶ ሴሳሬዮ ብሪዮሶ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ኢሉሚናዳን ወለዱ።

በእኛ አገር የድሮ ወይን ተቀላቅሎ ነው የሚተከለው። በአንድ ረድፍ አምስት ዓይነት ይቆማል፤ ሰዉ ግን ሁሉንም «ቀይ» ብሎ በአንድ ቅርጫት ይገለብጠዋል። ወይዘሮ ባሲሊሳ ይህ አይዋጥላቸውም ነበር። ሚዛኑ ላይ ከሚመጣው እየመረጡ ቅጠሉን በአሮጌ ጋዜጣ መሐል ያደርቁ፣ ስሙን ከሽማግሌዎች እየጠየቁ በደብተር ይጽፉ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓይነት ቀይ ወይን መዘገቡ። ከእነዚህ ሁሉ የምትበልጥባቸው ቴርካ ነበረች፤ በእኛ ቋንቋ እልኸኛ ማለት ነው። ሌላው ወይን ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው የምትበስለው፤ ዘለላዋንም በቀላሉ አትለቅም። በመንደሩ የቀሩት ሰባት ግንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ሰባቱም ከእናታችን በወረሱት ቦታ ላይ ነበሩ።

በ1973 መከር ቅጠሏንና ዘለላዋን ወደ ወይን ምርምር ጣቢያ ላኩ። መልሱ «በመዝገባችን የለችም፤ በጥር ቅርንጫፍ ላኩልንና እንተክላታለን» የሚል ነበር። እኅቴ ደብዳቤውን ሚዛኑ ላይ ቆመው ጮክ ብለው ሲያነቡ ከደስታ ብዛት አለቀሱ። ቅጠል ሲረግፍ ግንድ ሁሉ ስለሚመሳሰል፣ ሰባቱን እንዳይስቱ ኖራ ቀቧቸው፤ ወይናቸውን የሚገርዙት ራሳቸው ስለነበሩ ሌላ ሰው ይነካቸዋል ብለው አላሰቡም።

ጥር ሲገባ አቶ ሴሳሬዮ በሳንባ ሕመም ከተማ ሆስፒታል ገቡ፤ ወይዘሮ ባሲሊሳም አርባ ቀን አስታመሙ። እኔም ላግዛቸው ብዬ ወይናቸውን ልገርዝ ሄድኩ። እዚህ የቆማችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በመንደራችን በመከር ኖራ የተቀባ ግንድ ፍሬ የከለከለ ነው፤ በብርዱ ወራት ይነቀላል። እኔም ነቀልኩ።

አቶ ሴሳሬዮ ድነው ሲመለሱ የበግ ጎድን ጠበስኩላቸው። ግማሽ እንደበሉ እኅቴ እሳቱን አዩት።

«ኤውቲሚዮ፣ ይሄ እንጨት ከየት መጣ?»

«ከራስሽ ቦታ ነዋ! ኖራ የቀባሻቸውን ሰባቱን ነቅዬልሽ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?»

«ቅርንጫፉስ?»

«እሱማ ማቀጣጠያ ሆነ።»

እኅቴ አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጡና በባዶ እጃቸው አመዱን ይዝቁ ጀመር። አቶ ሴሳሬዮ ጎትተው እስኪያወጧቸው ድረስ ጣቶቻቸው ተቃጥለው ነበር። ጠባሳውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገሩም። ዛሬ እኔ ተናገርኩት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እርሳቸው ግን ሊያፍሱ ወጡ። ለአሥራ ሰባት ዓመት በየጥቅምቱ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ በገደሉ ላይ ያለውን ጠፍ የወይን ቦታ ሁሉ አሰሱ። ሰዉ ወደ ቢልባኦና ባርሴሎና ፈለሰ፤ አሮጌ ወይን ለነቀለ ድጎማ ሲመጣ ደግሞ ትራክተሩ ይቀድማቸው ጀመር። ዛሬ የደረሱበት ቦታ ትናንት የተገለበጠ ይሆናል። በመጠጥ ቤቱ በር ሲያልፉ «ባሲሊሳ፣ እልኸኛዋን አገኘሻት?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። «አንተ ሚስት ስታገኝ እኔም አገኛታለሁ!» ብለው ያልፋሉ። ቤት ሲገቡ ግን በር ዘግተው ያለቅሱ እንደነበር ኢሉሚናዳ ነግራኛለች። አቶ ሴሳሬዮ በ1984 ሲያርፉም ፍለጋውን አላቆሙም። እኔን አንድ ቀን እንኳ በክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ምነው በሰደቡኝ ኖሮ!

በ1991 ጥቅምት የጨጓራ ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው። በየካቲት ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ የሚያርፉበትን የወላጆቻችንን መቃብር ላዘጋጅ ወደዚህ መጣሁ። ከመቃብሩ ጀርባ፣ ባለቤት ባጣው የቄሱ አትክልት ቦታ አጥር ላይ አንድ የወይን ግንድ ተጠምጥሞ አየሁ። ቅጠል የለውም። ግን አንድ የደረቀ ዘለላ፣ በዚያ ብርድ፣ አልወድቅም ብሎ ተንጠልጥሏል። አንዲት ፍሬ ቀጥፌ እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። አፋቸው ውስጥ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«አፌ ሬት ሆኗል፣ ኤውቲሚዮ። አላወቅኳትም» አሉኝ። ቀጥለውም ያንን የተቃጠለ እጃቸውን እጄ ላይ አሳርፈው፣ «ግንቦት ላይ ቅጠሏን እይልኝ። ከጀርባው ነጭ ጠጉር ካለው እሷ ናት። ኖራ እንዳትቀባት ብቻ፣ አደራ!» አሉ። ስለዚያ ነገር ያነሱት ያኔ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ባሲሊሳ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኢሉሚናዳ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ደብተራቸውም አለ፤ ቴርካ ያለችበት የሠላሳ አንደኛው ገጽ ቅጠል ግን በእርጅና ዱቄት ሆኗል።

ወገኖቼ፣ ከቀብር ስትመለሱ በቄሱ አጥር በኩል የምታልፉ ሁሉ፣ እጃችሁን ሰብስቡልኝ። ለማገዶ ብላችሁ አንድ ዘንግ አትስበሩ። ምንም ምልክት አላደረግኩባትም፤ ያለችበትን በልቤ ይዣለሁ።

አምላክ የእኅቴን ነፍስ ድካም በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን፤ እኔንም እስከ ግንቦት ያቆየኝ። አሜን።