የሰው አገር ልጆች እናት፣ የስዩም ከሳሽ፦ ወይዘሮ ፋንቱ ሞገስ (1961–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ፋንቱ ሞገስ ከአባታቸው ከአቶ ሞገስ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ አበጋዝ በሐብሩ ወረዳ በግራና ከተማ በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በግራና፣ የሁለተኛ ደረጃውን በመርሳ ተከታትለው፣ ደሴ በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ደሳለኝ ካሣ ጋር በተክሊል ተጋብተው ይታገሱንና ብርቱካንን ወልደዋል።

በ2004 ዓ.ም. ወልድያ በሚገኝ አንድ የድኅረ ምረቃ ኮሌጅ ተቀጥረው፣ ከአራት ዓመት በኋላ የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። ሥራቸው በወረቀት ደረጃ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስና የትምህርት ማስረጃ ማሟላት ነበር። እሳቸው ግን ለጁባው ልጅ ቤት ይፈልጋሉ፣ የሐርጌሳዋ ልጅ ስትታመም ያስታምማሉ፣ የቡጁምቡራው ልጅ አማካሪ መምህሩ ሲጠፋበት ቤቱ ድረስ ሄደው ይዘውት ይመጣሉ። «የሰው አገር ልጅ ደጄ ላይ ቆሞ አይውልም» ይሉ ነበር። ቆሞ የዋለም የለም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደጃፍ ሲደርስ ዘጠኝ የውጭ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ቀርተው ነበር። ኮሌጁ ወደ ደሴ እንዲያወጣቸው ለአስተዳደር ክፍሉ ኃላፊ ለስዩም አንድ አይሱዙ ሰጠው። ስዩም የቢሮ ዕቃ ጫነበት። ላዱ የሚባለው የጁባ ተማሪ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበር ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው በቢሮው ፍሪጅ ነበር፤ ፍሪጁም ተጫነ። ወይዘሮ ፋንቱ መኪናው ፊት ቆመው «የልጁን መድኃኒት እንኳ አውጣልኝ» አሉት።

«ገመዱ ታስሮ አልቋል። ደሴ ስገባ እልክልሻለሁ፤ ዞር በይ!» ብሎ አስነዳው።

ዘጠኙን ልጆች ይዘው በእግር ወደ መርሳ ተነሡ። በሁለተኛው ቀን ላዱ መራመድ አቃተው። አቶ አብዱልሐሊም የሚባሉ የመርሳ ነጋዴ በጋሪ ጭነው «አብሽሩ እቴ፣ ቤቱ የናንተ ነው» ብለው አስገቧቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሚና መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ዞሩ፤ ፋርማሲው ሁሉ ተዘግቷል። ላዱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ በወይዘሮ ፋንቱ ክንድ ላይ ዐረፈ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። መርሳ ቀብረውት፣ ስምንቱን በውርጌሳ በኩል ደሴ አደረሱ። ኢንሱሊኑን የላከ ሰው የለም።

ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የተማሪዎቹ ፋይል ተቃጥሎ ጠበቃቸው። ስዩም ደግሞ «ተማሪዎቹን አስወጥቻለሁ» የሚል ሪፖርት ጽፎ ምክትል ዲን ሆኗል። አላለቀሱም። የስምንቱን ማስረጃ ከየአገሩ እየጻፉ አሟሉ፤ እግረ መንገዳቸውን መኪናው ጥሏቸው ስለሄደበት ቀን የእያንዳንዱን ምስክርነት አስፈርመው ያዙ።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. በምረቃው ዕለት የውጭ ተመራቂዎችን ስም የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ስምንቱን ጠርተው ሲጨርሱ «ላዱ» አሉ። «አይመጣም። መድኃኒቱን ያ ፊት የተቀመጠው ስዩም ይዞበት ሄዷል» ብለው ምስክርነቱን ማንበብ ጀመሩ። ማይኩን ሊቀማቸው የተነሣ ሰው ነበር፤ ተመራቂዎቹ ከበው አስጨረሷቸው። ፖሊስ ደሴ ያለውን የስዩምን ቤት ሲፈትሽ ፍሪጁ ማድ ቤት ውስጥ ሥጋ ሞልቶት ተገኘ። ከሥራ ተባረረ፤ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ወይዘሮ ፋንቱ ፍርዱን ሊሰሙ የሄዱት አዲስ ቀሚስ አሰፍተው ነው።

ስዩም ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። «እኔን የበደለኝን ይቅር ብዬዋለሁ። የላዱን የምትምረው እናቱ ናት፤ ጁባ ይሂድና እግሯ ላይ ይውደቅ» ብለው ሽማግሎቹን ሸኙ። በአልጋ ላይ ሳሉ የንስሐ አባታቸው ቢለምኗቸውም ቃላቸውን አልለወጡም።

ወይዘሮ ፋንቱ ባደረባቸው የጡት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በየአገሩ «እማዬ» የሚሏቸውን ስምንት ምሩቃን ትተዋል።

የመጨረሻ ቃላቸው «ስዩም አፈር እንዳያለብሰኝ» የሚል ነበር። ስለዚህ ስዩም በለቀስተኛው መካከል ቆሞ ይህን እየሰማ ከሆነ፣ አስከሬኑ ሳይነሣ እንዲሄድ ቤተሰቡ ይጠይቃል፤ መንገዱን እንለቅለታለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ፍርዱንም አያዘግይብን። አሜን።